ሁለት ዘጠኝ ይዘን

ባሌን ስትሮክ የመታው ሥራ ላይ ሳለ ነው። ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ገመድ ሊሰካ ጠረጴዛ ሥር እንደገባ በራሱ መውጣት አቃተው። ጎትተው ሲያወጡት ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብለውታል፤ መናገርም አልቻለም። ሐኪም ቤት ከርሞ ወደ ቤት ሲመለስ ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሩት። እሺ፣ በቃ፣ አንቺ፣ ደግሞ ቆይ። ከሁሉም የሚበዛው ቆይ ነበር። ሲጠማው ቆይ፣ ትራሱ ሲጎረብጠው ቆይ፣ የሚፈልገው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ሲጠፋበትም ቆይ። ቆዪ የሚለው ጠፍቶ ለእኔም፣ ለጎረቤትም፣ ለግድግዳውም አንድ ቆይ ሆነ። የትኛው ቆይ ምን ማለት እንደሆነ ከድምፁ መለየት ለመድኩ።

እኔ እዚያው ካዛንቺስ ኢንሹራንስ ቤት ደንበኛ አስተናግዳለሁ። መኪና ያጋጨ ሁሉ ጥፋቱ የሌላው ሰው መሆኑን ሲያስረዳኝ ይውላል። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሷል፤ ምሳ የምንበላባቸው ቤቶች የሉም፣ ታክሲ መያዣውም ቦታ ቀይሯል፣ ስለዚህ ብዙውን መንገድ በእግሬ ነው። ቤታችን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ አምቡላንስ የማይገባበት ቅያስ ውስጥ ነው። ቀን ቀን የምትጠብቀው ሠራተኛ አለችን፤ እሑድ ግን አትመጣም። ልጃችን ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ናት። ስለዚህ እሑድ ሙሉ በሙሉ የእኔ ተራ ነው። ማጠብ፣ መላጨት፣ ማገላበጥ፣ እግሩን ማሸት፣ ማብላት። የዚያን ሰሞን ድካሜ እንቅልፍ የሚፈታው ዓይነት አልነበረም። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ አንቀላፋለሁ፤ አልጋ ላይ ስወጣ ደግሞ ዓይኔ ይፈጣል።

ብቻዬን የማልችለውን የሚያግዙኝ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ላንቻ ጨርቅ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ሽማግሌ ቢሆኑም ጉልበታቸው አልከዳቸውም። ጠዋት ሱቅ ከመሄዳቸው በፊት ብቅ ብለው "ልጄ፣ እናንሣው?" ይሉኛል፤ በብብቱ ይዘው ወንበር ላይ ያስቀምጡልኛል፣ ማታም ይመልሱልኛል። ባሌ ጋሼ ማለት ስለጠፋበት እሳቸውንም ቆይ ነው የሚላቸው። አንድም ቀን ቅር ሲላቸው አላየሁም።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ባሌ ግራ እጁን ወደ ቁም ሣጥኑ ጫፍ ዘርግቶ ቆይ ማለት ጀመረ። ብርድ ልብስ አወረድኩለት፤ አይደለም። ሻንጣ አወረድኩ፤ አይደለም። በመጨረሻ አቧራ የጠጣውን ላፕቶፑን ሳወርድ እሺ አለ። ስከፍተው የፈለገው ምን እንደሆነ ገባኝ። ሳይታመም በፊት ኢንተርኔት ላይ የፖከር ውድድር ይጫወት ነበር። ገንዘብ የለበትም፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ ጥሩ ደረጃ ይዞ የጨረሰ ደግሞ ለሚቀጥለው ከፍ ያለ ውድድር ትኬት ያገኛል። ከየአገሩ ሕዝብ ይመዘገባል፤ በገንዘብ ፋንታ ለመጫወቻ የተሰጠው ቺፕስ ያለቀበት እየወጣ፣ ጠረጴዛው እየተጣበበ ይሄድና መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀራሉ። ያ የመጨረሻው ጠረጴዛ የሚባለው ነው። በጤናው ዘመን ሁሉ አንድም ቀን አልደረሰበትም፤ ወሬው ግን ከአፉ አይጠፋም ነበር።

ግራ እጁ ማውዙን መቆጣጠር አልቻለም። ቀስቱ ስክሪኑ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ይዞራል፣ የተሰጠው ጊዜ ያልቅና ማሽኑ ካርዱን ይጥልበታል። ስለዚህ አጠገቡ ተቀምጬ እጁ ሆንኩለት። እሱ ያሳየኛል፣ እኔ እጫናለሁ።

ጎረቤታችን አንድ ቀን ገብተው ስክሪኑን አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

"ገንዘብ አለበት?" አሉኝ።

"የለበትም ጋሼ። እንዲያው ነው።"

"እንግዲያ ከገበጣ በምን ተለየ" አሉና ተቀመጡ።

ጨዋታውን ለመማር ያን ያህል አልተቸገርኩም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርድ በድብቅ ይሰጠዋል። ከዚያ መሃል ላይ ለሁሉም የሚሆን ካርድ ይዘረጋል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ። ሁለቱን ከመሃሉ ጋር አዳምሮ ምርጥ አምስት ካርድ የሠራ ያሸንፋል። በየመሃሉ ተራህ ሲደርስ ካርድህን መጣል፣ ሳትጨምር ማለፍ፣ የሌላውን ጭማሪ መከተል ወይም ራስህ መጨመር ትችላለህ። ደካማ ካርድ ሲመጣ ነገሩ ቀላል ነው፤ ትጥላለህ። አድካሚው ጠንካራ ካርድ ነው። አጥብቀህ ከጨመርክ ሁሉም ይሸሽና ያ የሚያምር ካርድ ፍርፋሪ ለቅሞ ይቀራል። ዝም ካልክ ደግሞ ሌላው በነፃ ካርድ እያየ ይደርስብሃል። ባሌ የዝምታው ወገን ነበር። ጠንካራ ካርድ ስናገኝ መዳፉን ጉልበቴ ላይ ያሳርፍና ለስለስ አድርጎ ቆይ ይላል። እለፊ ማለቱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንዴ ሁለት አስ ይዘን ሳልጠይቀው ብዙ ብጨምር ሁሉም ጣሉ፤ ያን ቀን እስኪመሽ አላየኝም።

አንድ ነገር ግን በመካከላችን ሳይነገር ይኖር ነበር። ባሌ ከሳህኑ የግራውን ግማሽ ብቻ ነው የሚበላው። የቀኙ ወጥ ሳይነካ ይቀራል፤ ሳህኑን ሳዞርለት ግን አሁን የቀረበለት ይመስል ይቀጥላል። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራው ልጅ ውጭ አስቀርታኝ "ዓይኑ ምንም አልሆነም፤ ጭንቅላቱ ነው በቀኝ በኩል ያለውን የማይቀበለው። ማለቴ፣ ለእሱ እዚያ ምንም የለም" ብላ አስረዳችኝ። ለእሱ ልነግረው ስጀምር "በቃ" አለኝ። ሁለተኛም ሞከርኩ፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም። ዝም ብዬ ሳህኑን አዞራለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ እሑድ፣ ካርድ እንደ ልብ መጣልን። መብራት አልጠፋም፣ ኢንተርኔቱም አልተቆራረጠም። ከምሳ በፊት የጀመርነው ውድድር ሰዎቹን እየበላ እየበላ ሄዶ ድንገት ስክሪኑ ተቀየረና አዲስ ሞላላ ጠረጴዛ መጣ። ዘጠኝ ወንበር። የመጨረሻው ጠረጴዛ። ምሳ አልበላንም፣ መድኃኒቱም ሰዓቱ አልፎ ነበር። ተነሥቼ ላመጣለት ስል እጄን ይዞ አስቀረኝ።

ሁሉም ተጫዋች ስሙ ላይ ሥዕል አለው። በግራ በኩል ከተቀመጡት አንዱ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ነው። እሱ ሌላው ሲያልፍ ሁልጊዜ ይጨምራል፤ ዝምታ ካየ ዘሎ የሚገባ ዓይነት። በቀኝ በኩል ደግሞ የውሻ ሥዕል ያለው አለ። ይሄኛው ሲያልፉለት እሱም ያልፋል፤ ሲጨምሩበት ግን ምን ይዞ እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ ዝም ብሎ ይከተላል። ይህን ያወቅሁት በሌላ በምንም አይደለም፤ በሥራዬ ስንት ዓይነት ሰው ፊቴ ሲቀመጥ ስለማይ ነው። አንዳንዱን ዝም ካልከው ራሱ ይለፈልፋል፤ አንዳንዱ ካልጠየቅከው እስኪመሽ አይናገርም።

ቺፕሳችን እየሳሳ ሳለ ሁለት ዘጠኝ ደረሰን። ጥቂት ጨመርን፤ ሌሎቹ ጣሉ፣ ውሻው ተከተለ። እኛና ውሻው ብቻ ቀረን። መሃል ላይ ሦስቱ ካርዶች ተዘረጉ፦ ዘጠኝ፣ ኪንግ፣ ሰባት። ሦስት ዘጠኝ ሆነልን ማለት ነው፤ ያን ሰዓት የሚበልጠን ካርድ ማንም ሊኖረው የሚችለው በስንት አንዴ ነው። አንድ ሥጋት ብቻ አለ። ዘጠኙና ኪንጉ ሁለቱም ቀይ ልብ ናቸው። ውሻው ሁለት ቀይ ልብ ከያዘና አንድ ሌላ ቀይ ልብ መሃል ላይ ከመጣ አምስት ቀይ ልብ ይሞላለትና ይበልጠናል።

ተራው የእኛ ነው። የጊዜው መስመር ማጠር ጀመረ።

ባሌ መዳፉን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። "ቆይ" አለ፤ ለስለስ አድርጎ።

የትኛው ቆይ እንደሆነ አላጣሁትም። እለፊ፣ ዝም በይ፣ ይምጣልን። ግን ይሄ ሰውዬ እኮ አይመጣም። ካለፍን ያልፋል፤ ሁለት ካርድ በነፃ አይቶ ወይ ይደርስብናል ወይ ባዶውን ይሄዳል። ከጨመርን ግን ይከተላል፤ ሊያሸንፍ የማይገባውን ካርድ ይዞ የእኛን ያህል ይጨምርልናል። ይህን ሁሉ በዚያች አጭር ጊዜ ላስረዳው አልችልም። ለማስረዳት ደግሞ መጀመሪያ ውሻው መኖሩን መንገር ሊኖርብኝ ነው።

"ቆይ" አለ እንደገና፣ ጫን አድርጎ።

ያለንን ቺፕስ በሙሉ ገፋሁት።

ውሻው ወዲያው ተከተለ። ካርዱ ተገለጠ፤ የቀይ ልብ አስና የቀይ ልብ አራት። እየቀደምን ነው። አራተኛው ካርድ ጥቁር ነበር። አምስተኛው ቀይ ልብ መጣ። ዘጠነኛ ሆናችሁ የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፣ ጠረጴዛውም ጠፋ።

"ቆይ" አለ ባሌ። "ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ።" እንደ ክስ ነው ያወጣው። እንባውም በግራ ጉንጩ ወረደ።

"ሰምቼሃለሁ" አልኩት። "ሰምቼ ነው የገፋሁት።"

"በቃ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምሳውን አቀረብኩ፤ አፉን አልከፈተም። መድኃኒቱን በግድ አስዋጥኩት።

ቤቱ ጠበበኝ። ወጥቼ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ይቀመጡለታል? ኦሎምፒያ ደርሼ ልመጣ።"

"ምን ልታመጪ?"

"ምንም።"

ትንሽ አዩኝና "ሂጂ" አሉ። ቀድመውኝም ወደ ቤታችን ገቡ።

ኦሎምፒያ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶ አዘዝኩ። ሰው እጠብቅ እንደሆነ አስተናጋጇ ጠየቀችኝ፤ አይ አልኳት። ለብቻዬ ካፌ ከተቀመጥኩ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነኝ አላስታውስም። የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፣ አጠገቤ ወጣቶች ስለ ቪዛ ያወራሉ። እኔ ግን አሁንም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ደጋግሜ አሰብኩት፤ ቢመለስ እንደገና እገፋዋለሁ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣል፤ ስሌት ነው ወይስ እልህ? ስንት ወር ሙሉ ቆይ እየተባልኩ ቆሜ፣ አንዴ እንኳ አልቆይም ማለት አምሮኝ ይሆን? መልሱ ምናልባት ሁለቱም ነው። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ቢሆንም ጠጣሁት፤ ተነሥቼ መሄድ ስላስጠላኝ ባዶውን ብርጭቆ ይዤም ተቀመጥኩ።

ስመለስ ጎረቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል። ባሌን ከትራስ አስደግፈውታል። አልጋ ልብሱ ላይ አሮጌው የመጫወቻ ካርታችን ተዘርግቷል፤ መሃል ላይ ዘጠኝ፣ ኪንግ፣ ሰባት። ዙሪያውን የለስላሳ ቆርኪዎች ተደርድረዋል።

"ዘጠኝ ቆርኪ ፈልጉልኝ ብሎ በጣቱ አሳየኝ" አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከጓዳ ለቃቅሜ ሰጠሁት። አምስቱን ደረደረ። አራቱ ግን እጁ ላይ ቀሩ። የት እንደሚያስቀምጣቸው ጠፋው።"

አየሁ። አምስቱ ቆርኪዎች በግራ በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል አልጋ ልብስ ብቻ ነው። አራቱን ጨብጦ አሁንም ግራ በኩል ክፍተት ይፈልጋል። አንዱ ቆርኪ ፊት ሁለት ቀይ ልብ አስቀምጧል፤ የባርኔጣው ሰውዬ ወንበር ነው። ያኔ ነገሩ ገባኝ። የገጠመን ባለ ባርኔጣው ሰው መስሎት ነበር። ለባርኔጣው ሰው ደግሞ ቆይ ማለቱ ትክክል ነው፤ ብናልፍለት እሱ ራሱ ይጨምር ነበር። ያየውን አይቶ የመከረኝ ምክር ምንም ስሕተት አልነበረበትም። ያላየው ነበር እንጂ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጭብጡን ከፍቼ አንድ ቆርኪ ወሰድኩና በቀኝ በኩል አስቀመጥኩት። አላየውም። አገጩን ይዤ ፊቱን ቀስ አድርጌ ወደዚያ አዞርኩት።

"እዚህ ሰው ነበር" አልኩት። "ውሻው። የገጠምነው እሱን ነው። እሱ ሲጨምሩበት እንጂ ሲያልፉለት አይመጣም።"

ቆርኪውን አየው። ዓይኑ ወደ ግራ ተመለሰ፤ እንደገና አዞርኩት።

"አለ?" አለኝ። ከታመመ ወዲህ ከአፉ ሰምቼው የማላውቀው ቃል ነው።

"አለ። በዚህ በኩል አራት ሰዎች አሉ። ሁልጊዜም ነበሩ።"

ሦስቱን ቆርኪዎች አንድ በአንድ ደረደርኩለት። ፊቱን ራሱ እያዞረ አያቸው። ከዚያ ከንፈሩ ቃል ፍለጋ ሲታገል ቆይቶ "ሳህን" አለ።

"አዎ" አልኩት። "ሳህኑም።"

ጎረቤታችን ተነሡ። "ሰላት ደርሷል ልጄ፣ ልሂድ" አሉ፤ ሲወጡ የባሌን ትከሻ በቀኙ በኩል ነካ አድርገው አለፉ። ባሌ ዝም ብሎ አለቀሰ፤ እኔ ግን አላለቀስኩም፣ አቅሙም አልነበረኝም። ካርታውን ሰበሰብኩ፣ ያልበላውን ምሳ አሙቄ አቀረብኩ። በላ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆም አለና በግራ እጁ ሳህኑን ራሱ አዞረው።

ከበላ በኋላ ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋ። "አንቺ" አለ፤ ደረቴን በጣቱ እያመለከተ። "አንቺ።" ከእንግዲህ አንቺ ወስኚ፣ እኔ ልይ ማለቱ ነው። ሲያቀርብልኝ እንደ ትልቅ ክብር ነበር፤ መሆኑም አልቀረም። እኔ ግን የታየኝ አንድ ተጨማሪ ሥራ ነው። የሚታጠበው፣ የሚላጨው፣ የሚገላበጠው ላይ ደግሞ በየእሑዱ የሚወሰን ካርድ።

"አልፈልግም" አልኩት። "ደክሞኛል።"

ይህን ቃል ከዚያ በፊት ነግሬው አላውቅም። ለጋሼ፣ ለልጃችን፣ ለእህቴ ብያለሁ፤ ለእሱ ግን ምን ይሰማዋል እያልኩ ስውጠው ኖሬያለሁ። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን አልቆመልኝም።

"እሑድ መተኛት ነው የምፈልገው። ከምሳ በኋላ መተኛት፣ በቃ። ሌላ ምንም አይደለም።"

አላዘነም፣ አልተቆጣም። እንደ አዲስ ሰው አየኝ። "እሺ" አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ትንሿን ጠረጴዛ በግራው በኩል አስጠጋሁለት፤ ላፕቶፑን የጨዋታው ጠረጴዛ በሙሉ ግራው ላይ እስኪወድቅ ድረስ ወደዚያ ወሰድኩት። ማውዙን ለግራ እጅ አስተካከልኩ፤ እንዴት እንደሚደረግ ራሱ በምልክት አሳየኝ፣ ሥራው ነበርና። ከዚያ ከመጋረጃው ወዲያ ፍራሽ ላይ ተጋደምኩ። የመጀመሪያውን ቀን አልተኛሁም። የማውዙን ድምፅ እሰማለሁ፤ ረጅም ዝምታ፣ አንድ ጠቅ፣ ከዚያ ቆይ የሚል ማጉረምረም። ጊዜ አልቆበት ማሽኑ ካርዱን እንደጣለበት አውቃለሁ። ተነሥቼ ላግዘው እልና ጥርሴን ነክሼ እተኛለሁ። ሌላ እሑድ መጣ፣ ሌላም፣ እየቆየም እንቅልፉ መጣልኝ።

እስከ ዛሬ የመጨረሻው ጠረጴዛ አልደረሰም። ጠንካራ ካርድ ሲይዝ አንዳንዴ ይጨምራል፣ አንዳንዴ ያልፋል፤ በየትኛው ሰው ላይ የትኛውን እንደሚያደርግ አንገቱን እያዞረ ያያል መሰለኝ። አልጠየቅኩትም።

ባለፈው ስነቃ ፀሐይ ከመስኮቱ ወርዳ ነበር። ባሌ ከውድድሩ ቀድሞ ወጥቶ ኖሮ ዝም ብሎ የሌሎችን ጨዋታ ያያል፤ አልቀሰቀሰኝም።

"ስንተኛ ወጣህ?" አልኩት።

እጁን አወዛወዘ። አታንሺው ማለቱ ነው። ጎኔ ዝሎ፣ ዓይኔም ገና ከብዶኝ ነበር። ፊቴን ታጥቤ ራት ልሠራ ወደ ጓዳ ገባሁ።